የከረጢቱ ጀርባ

ዱክሲስ፣ ከምንጣፉ አትነሣ፣ ዝም ብለህ ተኛ፤
መነጽሬን ላድርግ፣ ሥራ አለብን እኛ።
የሊየፓያ ነፋስ መስኮቱን ይመታል፣
ትራሙ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል።
ሦስት ከረጢት ይዤ መጣሁ በጡረታዬ ገንዘብ፣
አንዱን ላንተ ልመርጥ፣ ሁሉን በወግ ላነብ።

የመጀመሪያው ፊት ላይ ተራራ አለ፣ ጫካ፣
ጥርሱ በረዶ የመሰለ ውሻ፣ ሽበት ያልነካካ።
«ለአረጋውያን ውሾች» ይላል በወርቅ ቀለም፤
ሥዕሉ ላይ የሚዘለው ግን ሦስት ዓመት አይሞላም።
ፊቱን ተወው ይቅር፣ እሱ ለገዢ ነው፤
የሚናዘዝ ጀርባው ነው፣
በጉንዳን እግር ፊደል፣ በአምስት ቋንቋ የተጻፈው።

አንደኛ፦ «ትኩስ የዶሮ ሥጋ»። ጅራትህን አትቁላ ቶሎ፣
ሚዛን ላይ የወጣው ውሃውን ሁሉ አዝሎ።
ሲደርቅ፣ ሲፈጭ፣ ሲጋገር ወደ ኋላ ይወርዳል፤
በቆሎው ግን በሦስት ስም ሦስት ወንበር ይዟል፦
በቆሎ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ የበቆሎ ፕሮቲን።
ደምራቸው እስቲ፣ ማን ይቀድም ነበር?
ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፣
አንተን ሊያታልሉ ደግሞ ከረጢት ላይ ሳሏት።

ሁለተኛው «አመድ፣ ዘጠኝ ከመቶ» ይላል።
የታችኛዋ ሩታ ስነግራት «አመድ ያበሉታል?» ብላ ጮኸች።
እኔ ግን ሠላሳ ዓመት በስኳር ፋብሪካው ቤተ ሙከራ፣
ከነጭ ካፖርት ጋር፣ ከትንሽ ሚዛን ጋራ፣
ስለካ የኖርኩት አመድ ነው።
ስኳር ንጹሕ መሆኑ የሚታወቀው
ተቃጥሎ ተቃጥሎ ከሥሩ በሚቀረው።
አጥንት ነው፣ አልኳት፤ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፤
ለቡችላ ምሰሶ፣
ለደከመ ኩላሊት ግን ሸክም፣ ያውም የአቀበት።
ያንተ ደክሟል። ዶክተር ዚግሪዳ የደምህን ውጤት ስታነብልኝ
የራሴ መሰለኝ።

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ፣
አሮጌዋን የሸክላ ጽዋ ከሣጥን አወጣሁ
(ፋብሪካው ሲዘጋ በኪሴ ይዣት ነው የወጣሁ)፣
ከምግብህ ዐሥር ግራም መዝኜ ምድጃው ውስጥ ከተትኩ።
ምድጃዬ የሚፈለገውን ያህል አይግልም፤
ያገኘሁት ቁጥር ቁጥር አይባልም።
ግን ጢሱ ሲሸት አንተ በነዚያ ወገቦችህ ተነሥተህ መጣህ፣
ከስንት ሳምንት በኋላ ጅራትህን ቆላህ።

የማይጻፍም አለ፣ ዱክሲስ።
ካርቦሃይድሬቱ ስንት ነው? ዝም።
ፕሮቲኑን፣ ቅባቱን፣ ፋይበሩን፣ እርጥበቱን፣ አመዱን ደምረህ
ከመቶ ስትቀንስ ነው ዝም ያሉት የሚቀርህ።
ኡልዲስንም የማውቀው እንዲህ ነበር፣ በመቀነስ፦
ደሞዙ፣ ሲቀነስ ዳቦ፣ ሲቀነስ ትምባሆ፣ ሲቀነስ የእሑድ ዓሣ፤
አንድ ክረምት ሙሉ የሚጎድል ገንዘብ ነበረ፣
ጠየቅሁት፣ ሳቀ፤ ተኮራረፍን፣ አልተናገረ።
በመጋቢት አንድ ማታ ካፖርቱን ከፈተ፣
ጉድለቱ ሁሉ ከውስጥ ብቅ ብሎ አዛጋ፣
ጆሮው ከራሱ የሚበልጥ።
ዐሥራ አራት ዓመት ሆነህ።
ከስንት እንደሚቀነስ አላውቅም፤ ያንተ ጀርባ ላይ አልጻፉልኝም።

እሺ። ሦስተኛው ይሁን።
ዓሣ፣ ጥሩ ፕሮቲን፣ ፎስፈረሱ ልክ፣ ስሞቹ የማይደጋገሙ፤
ዋጋው የኔን የልብ ክኒን ያህላል፣ ይሁን።
ሳህንህ ላይ አፈሰስኩት። አሸተትህ። ፊትህን አዞርክ።
የሰው ልፋት አይገባህም!
ለብ ያለ ውሃ ጨመርኩ፣ ዐሥር ደቂቃ ቆጠርኩ፣
ጥርስ ላነሰው አፍ እንዲበቃ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አደረግሁ፣
ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ አጠገብህ ተቀመጥሁ።

ትራሙ አለፈ። ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ።
የድሮ መዝገቤን ሳብኩና ጻፍኩበት፦
ናሙና፣ ሦስት።
ቀን፣ ማክሰኞ።
ውጤት፣ በላ።